ሳፋው ውስጥ የቀረው ነጠላ ጫማ

ዬላፓ፣ ማክሰኞ

ለልጄ ሚስት፣ ለልጅ ልጄ እናት፤

እንዴት ነሽ ልጄ? ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? ሕፃኑስ? ሁለተኛው ጥርሱ ወጣ? እናትና አባትሽ ደኅና ናቸው? እኔ በአካል ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እሄዳለሁ፣ የምሸጠውን ጣፋጭ ፓይ ጋግሬ ወደ ባሕሩ ዳር እወርዳለሁ። ስለ ደኅንነቴ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

እሑድ ከልጁ ክርስትና ቀረሁብሽ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ልጁን ታቅፈሽ መንገድ መንገዱን ስታዪ እንደነበር አውቃለሁ። ስልክም ደጋግመሽ ደወልሽ፤ አላነሳሁም። አሞኝ አይደለም። ረስቼም አይደለም። ዓርብ ዕለት ልብሴን በዘንቢል ይዤ ከባሕሩ ማዶ እስካለው ወደብ፣ እስከ ቦካ ድረስ መጥቼ፣ ከዚያ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ በአፌ መናገር ስላቃተኝ ይኸው እጽፋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል መሆኑን ታውቂያለሽ። ይህን ወረቀት ከያዝኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢው። ልጁን ከእቅፍሽ አውርደሽ አንብቢው።

ልጄ ኤሊሴኦ ከሞተ ወዲህ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። አስከሬኑን እዚህ አምጥተውልኝ እዚሁ ቀበርነው፤ አንቺም ከቦካ ተነስተሽ ቴፒክ ወላጆችሽ ጋ ሄድሽ፤ ወደ ማዶ የሚወስደኝ ነገር አልነበረም። ለክርስትናው ግን የማልወጣበት ጀልባ የለም ብዬ ቆረጥኩ። የመንደሩ ጀልባ ሞተሩ ተበላሽቶ ዓርብ አልሄደም። ስለዚህ በአስር ሰዓቱ የፈረንጆች ጀልባ፣ በወንድሜ ልጅ በጎዮ ጀልባ ልሄድ ሆነ። ኤሊሴኦ ይሠራበት የነበረውን መስመር አሁን የያዘው እሱ ነው። ጠዋት ቱሪስቶቹን ከቦካ ጭኖ ኪሚስቶ ፏፏቴውን ያሳያቸዋል፣ ቀትር ላይ እኛ ጋ አምጥቶ ምሳ ያበላቸዋል፣ ሲመለሱ ላስ አኒማስ በሚባለው ዳርቻ ግማሽ ሰዓት ያዋኛቸዋል።

ጎዮ ዘንቢሌን ተቀበለኝና፣ አክስቴ፣ ፈረንጅ ሆነሽ ትሳፈሪያለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም፣ ቢራ ልክፈትልሽ ወይስ ፎቶ ላንሳሽ አለኝ። ሬፉጂያ ደግሞ፣ ያቺ አብራኝ ፓይ የምትሸጠው፣ ሳህኗን ራሷ ላይ እንደተሸከመች ከአሸዋው ላይ ጮኸች። አንቺ፣ ቴፒክ ገብተሽ እንዳትቀሪ፣ ደንበኞችሽን አንድ በአንድ ነው የምወስዳቸው አለች። ያንቺን ፓይ አንዴ የበላ ሰው ዕድሜ ልኩን ፓይ አይቀምስም፣ ውሰጃቸው አልኳት። ጀልባው ሙሉ ሰው ምን እንደተባባልን ሳያውቅ አብሮን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቅ አሁን ሳስበው የሌላ ሴት ሳቅ ይመስለኛል።

ከዚያ ጎዮ ሰማያዊውን ሳፋ አወጣና በእነሱ ቋንቋም በእኛም፣ ጫማ ወደዚህ፣ ጫማ ወደዚህ አለ። ሁሉም እያወለቁ ጣሉ። እኔ ጥቁሩን ጫማዬን ጭኔ ላይ ያዝኩት። ያንቺንም አክስቴ አለኝ። ግድ የለም፣ አይረጥብብኝም አልኩት። ለመርጠቡ ማን ተጨነቀ፣ ለመቁጠሩ እንጂ አለኝ።

የምን መቁጠር አልኩት።

ሳቀብኝ። ሃምሳ ዓመት ባሕሩ ዳር ኖረሽ ይህን አታውቂም እንዴ አለ። ሰው እንዴት ይቆጠራል? አንዱ ይነሳል፣ አንዱ ጎንበስ ይላል፣ ሙሽሮቹ ተቃቅፈው አንድ ሰው ይመስላሉ። ጠዋት የመጡት ሁሉ አይመለሱም፤ እዚህ የሚያድር አለ፣ ትናንት አድሮ ዛሬ የሚወጣ አለ። ጫማ ግን ቁጭ ይላል። ስንነሳ እንቆጥረዋለን፣ ላስ አኒማስ ላይ በባዶ እግራቸው ወርደው ይዋኛሉ፣ ቦካ ሲደርሱ እያንዳንዱ የራሱን ያነሳል። ሳፋው ባዶ ከሆነ ሰው አልጎደለም ማለት ነው። ኤሊሴኦ ነው ያስተማረኝ አለና ጫማዬን ከጭኔ ወስዶ ሳፋው ውስጥ ጨመረው።

ልጄ፣ እኛን የመንደሩን ሰዎች ማንም ቆጥሮን አያውቅም። በፊታችን ነው የምንታወቀው። የሚቆጠሩት እነሱ ብቻ ናቸው። ሳፋው ጫማ እንዳይረጥብ የሚቀመጥ ነው ብዬ ነው እስከ ዓርብ ድረስ የኖርኩት።

ኤሊሴኦ የሞተ ዕለትም እንደዚያ ነበር ወይ አልኩት።

ጎዮ ሳቁን አቆመ። ያን ዕለትም አለኝ፤ ወደ ሞተሩ ዞረ።

ለእኔ የነገሩኝ አንድ መንገደኛ ላስ አኒማስ ላይ ቀርቶ ኤሊሴኦ ሊያመጣው ተመለሰ፣ ነፋሱም ያዘው ተብሎ ነው። መቅረቱን እንዴት አወቃችሁ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ወንዶቹም እንዳልጎዳ ብለው ዝርዝሩን ሸሸጉኝ። አሁን ጎዮን ያዝኩት። እየተንተባተበ ነገረኝ። ቦካ ላይ ሰዉ ወደ አውቶቡሱ ሮጦ ተበተነ፤ ሳፋው ውስጥ አንድ ጥንድ ጫማ ቀረ፤ አንድ ሰው በባዶ እግሩ ሊዋኝ ወርዶ ቀርቷል ማለት ነው አለ ኤሊሴኦ። በኋላ ሲጣራ ከየትኛውም ሆቴል የጎደለ ሰው አልነበረም። የምን ጫማ ነው አልኩት። የሴት ነው ይላሉ፣ እኔ አላየሁትም፣ ቦካ ላይ ገመድ የሚቀበለው ዶን ፌርሚን ጋ ነው ያለው አለኝ።

ላስ አኒማስ ደረስን። ሁሉም ወርደው ዋኙ። እኔ ጀልባው ውስጥ ተቀምጬ ሳፋውን አያለሁ። ጥቁሩ ጫማዬ ከእነሱ ጫማዎች መሐል ተኝቷል። የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቢያየው የእነሱው ነው የሚለው። 

ቦካ ስንደርስ ዶን ፌርሚን እንደ ወትሮው መውረጃው ላይ ገመድ ሊቀበል ቆሟል። አቅፎ ሳመኝ። ሕፃኑ አባቱን መሰለ ወይ አለኝ። ጆሮው ቁርጥ የአባቱ ነው አልኩት። ከዚያ ጫማውን አሳየኝ አልኩት። እቴ፣ ምን ያደርግልሻል፣ ወደ ክርስትና እየሄድሽ አለኝ። አሳየኝ አልኩት።

ጎጆው ውስጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ያልጣልኩት በአደራ ስለሆነ ነው አለኝ። ኤሊሴኦን ነፋሱ እስኪበርድ ቆይ ብዬው ነበር፤ እሱ ግን፣ ዶን ፌርሚን፣ በባዶ እግሩ የቀረ ሰው እያለ እኔ ቤቴ ገብቼ ሚስቴ ፊት እራት አልበላም፣ ባለቤቱ በሌላ ጀልባ ከመጣ ስጠው ብሎኝ ሄደ አለ። ቀጥሎም ይህን አለኝ፤ በማግስቱ ምራትሽ ሆዷን ይዛ እዚህ ቆማ ምራቋን ተፋችበት፣ እኔ ነኝ የጠረግሁት፣ አልፈረድኩባትም።

አውርዶ ሰጠኝ። አየሽ፣ አንድ ቀን እንኳ አልተረገጠበትም፣ ሶሉን እይ፣ ሀብታም እንዲህ ነው፣ ረስቶት ሌላ ገዝቷል አለ።

እኔ ሶሉን አላየሁም። ጣቴን ከማሰሪያው ሥር አስገባሁ። ቀይ ክር አለ። ሦስት ጊዜ የተጠመጠመ፣ በውስጥ በኩል የተቋጠረ።

ልጄ፣ በሰባተኛ ወርሽ እግርሽ አብጦ የባልሽን ጫማ እየጎተትሽ ትሄጂ ነበር። ኤሊሴኦ ነው የነገረኝ፤ እማ፣ ሚስቴ ጫማዬን ወርሳኝ እኔ በባዶ እግሬ ቀረሁ ብሎ ስቆ።  እሱ ሳያውቅ ወደ ቆዳ ሠራተኛው ሄጄ፣ ነጠላ ጫማ ሥራልኝ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጣት አስፋው፣ ተረከዙን ዝቅ አድርገው አልኩት። ጨረቃ ብትጋረድ ፅንሱን እንዳትነካው እርጉዝ ቀይ ክር ትይዛለች፤ አንቺ ደግሞ በዚህ ነገር ትስቂብኛለሽ። ስለዚህ እንዳታዪው ከሥር ሸሸግሁት።

ያን ቀን በአስር ሰዓት ይዤው ወረድኩ። ኤሊሴኦ ከባሕሩ ዳር ወዲያ ቱሪስቶቹን እየሰበሰበ ነበር። ጀልባው ውኃው ዳር ቆሟል፣ ሳፋው ውስጡ አለ። ጫማ ሌላ የት ይቀመጣል? ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ እዚያው ከጫማዎቹ ጋር አኖርኩት። በዚያች ቅጽበት አንዲት አሮጊት ፈረንጅ የሎሚ ፓይ ብላ ጠራችኝ። ቆርጬ እስክሰጣት፣ እሷም ሹካ እስክትለምነኝ፣ ሞተሩ ተነሳ። ሮጥኩ። ውኃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ። የሚስትህ ነው፣ ለሚስትህ ነው ብዬ ጮህኩ፤ በእጄም ወደ ሳፋው ጠቆምኩ። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ሊሰማኝ ሞከረ፤ አልሰማኝም። የምሰናበተው መሰለው። ሳቀና እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘልኝ። እኔም፣ ግድ የለም ሲደርስ ያየዋል ብዬ፣ መልሼ አወዛወዝኩለት።

ሲሞት ጫማው አብሮት የሰጠመ መሰለኝ። ልጅ ተቀብሮ ስለ ጫማ ማን ያስባል? አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

የዘጠነኛው ቀን ጸሎት ላይ ምን እንዳልኩ ታስታውሻለሽ። ለነፍሱ መሬት ላይ ያኖርነውን መስቀል ስናነሳ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ ጫማውን ረስቶ ልጄን ወደ ባሕር የመለሰው ሰው እግሩ ዕረፍት አያግኝ አልኩ። አይ፣ ጫማውን አላልኩም፤ ጫማውን መቼ አውቄ። ላስ አኒማስ ቀርቶ ልጄን የመለሰው ሰው ነበር ያልኩት። አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። አሜን አልሽ። ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ሻማ እያበራሁ ያንኑ ደገምኩት። እግዚአብሔር አልሰማኝም እያልኩ አዝን ነበር።

ዶን ፌርሚን ፊቴን አይቶ፣ ባለቤቱን ታውቂዋለሽ እንዴ አለኝ። አውቃታለሁ አልኩት። ማን ናት አለኝ። ጫማውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ። ጎዮ ባዶ ጀልባውን ይዞ ሊመለስ ነበር፤ ውሰደኝ አልኩት። አክስቴ፣ አውቶቡሱስ፣ ክርስትናውስ አለኝ። ውሰደኝ አልኩት። ጥቁሩን ጫማዬን አውልቄ ራሴ ሳፋው ውስጥ ጣልኩት። ያኛውን ግን ከጭኔ አላወረድኩትም። እስከ ዬላፓ ድረስ ሳፋው ውስጥ አንድ ጥንድ ጫማ፣ ጀልባው ላይ አንዲት ሴት። ቁጥሩ ልክ ነበር።

ለማንም አልተነፈስኩም። ሬፉጂያ በየቀኑ ምን ሆነሽ ትለኛለች፤ ጨጓራዬ ነው እላታለሁ። ከሰው ሁሉ በፊት መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ። ጎዮ ይህን ደብዳቤ ከነጥቅሉ በፖስታ ይልከዋል። በጥቅሉ ውስጥ ጫማው አለ፤ የተሠራው ለአንቺ ነውና እኔ ጋ ሊቀር አይገባም። ምራቅሽን ደግመሽ ብትተፊበትም፣ እሳት ውስጥ ብትከቺውም ምን አደረግሽ አልልሽም። ክሩን አልፈታሁትም።

መጥተው ከእኛ ጋር ይኑሩ፣ ልጁ አያቱን እያየ ይደግ ብለሽኝ ነበር። ያን ያልሽኝ ይህን ሳታውቂ ስለሆነ፣ እንዳላልሽኝ ቆጥሬዋለሁ። አሁን አውቀሽ፣ አድረሽበት፣ ከብዙ ቀን በኋላም ቢሆን ኑ ካልሽኝ በማግስቱ እነሳለሁ። ዝም ካልሽም ዝምታሽን እቀበላለሁ፤ ልጁ ሲያድግ ግን አያትህ የት ናት ብሎ ቢጠይቅሽ ሞታለች አትበይው። በባሕሩ ዳርቻ ፓይ ትሸጣለች በይው። ሌላውን አንቺ በወደድሽ ጊዜ፣ በወደድሽው መንገድ ንገሪው።

እግዚአብሔር ጡትሽን ያለምልመው። ልጁ እግሩ ደረቅ መሬት ይርገጥ። የሚጠብቀው ሰው ወዳለበት ቤት በጊዜ የሚገባ ያድርገው። እንደ አባቱ ለሰው የሚራራ ይሁን፤ ሲሄድ የሚጠሩትን የሚሰማ ጆሮ ይስጠው።

በፊት ስጽፍልሽ መጨረሻ ላይ እናትሽ ብዬ ነበር የምፈርመው። አንቺ ደግመሽ እናቴ እስክትዪኝ ድረስ፣

የባልሽ እናት