የጠበቃው የወርቅ ብዕር

መጋቢት 3

አማቴ ቤት ምሳ። እጄን ልታጠብ ወደ ጓዳ ሳልፍ ከወጥ ቤት ድምፅ ሰማሁ። አማቴ ለታናሽ ልጃቸው ሲናገሩ ነው። «የአባትሽ ብዕርማ ለሚያውቅበት ነው የሚሆነው።»

ፎጣውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ለሚያውቅበት! ከዚህ በላይ ግልጽ ኑዛዜ አለ እንዴ? በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ስለ ብዕር የሚያውቅ ማነው? እኔ። ሌላስ? ...እሺ፣ ዶክተሩም አለ። ግን የሚያውቀውን ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ብዕሩ ሳሎን፣ ቡፌው ውስጥ ነው ያለው። በስኳር ማስቀመጫውና ማንም በማይጠጣባቸው ሲኒዎች መካከል ተጋድሟል። ሙሉ ወርቅ። ክዳኑም፣ ገላውም። ቅብ አይደለም። ከማንጠልጠያው ሥር የጉንዳን ዱካ የምታክል የወርቅ ማኅተም አለችው። የሚስቴ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ለቤተሰቡ ሁሉ «ጠበቃው» ነበሩ። በሕይወት እያሉ አንድ ቀን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ክብደቱ እስካሁን አልለቀቀኝም። ወዲያው መልሰው ወሰዱት እንጂ።

ምሳ ላይ ዶክተሩ የሚስቴን ወንበር ያዘ። እሷ ሁልጊዜ ጥግ ነው የምትወደው። መሃል ላይ ስትቀመጥ እስከ ፍራፍሬው ድረስ ክርኗ ከክርኔ ሲጋጭ ዋለ። ሸሚዜ ላይ ሾርባ። እሱ ምንም አልመሰለውም። የሰው ቦታ መያዝ ልማዱ ነው።

መጋቢት 4

ስለ ዶክተሩ፣ ለሚዛናዊነት ያህል። የጥርስ ሐኪም። የሚስቴ ታናሽ እህት ባል። «ጋሼ» ይለኛል፣ ከልቡ፣ በትሕትና። የሚያበሽቀኝም ይሄው ነው። የመጀመሪያዋን የወርቅ ብዕሬን አሳየሁት፤ «እንዴት ታምራለች ጋሼ» አለ። ወር ሳይሞላው ሁለት ገዛ። ዛሬ እኔ አራት አለኝ። እሱ... አልቆጥርም። ዘጠኝ።

የኔዎቹ ሁሉ አሮጌዎች ናቸው፣ ግን ቀለም ነክቷቸው አያውቅም። ቀለም የገባበት ብዕር ዋጋው ይወርዳላ። በቬልቬት ሳጥን ተቆልፈው በክብር ይኖራሉ። እሱ በዘጠኙም ይጽፋል! የመድኃኒት ማዘዣ! ፋርማሲስቷ እንደሆነ አንዱንም ማንበብ አልቻለችም። (ጠበቃውም ጽፈውበታል፣ አውቃለሁ። እሳቸውን ይቅር ብያለሁ።)

ይህን የምጽፈው በፕላስቲክ እስክሪብቶ ነው። ላዩ ላይ የዶክተሩ ክሊኒክ ስልክ ቁጥር አለ። ቤታችን በነሱ ተሞልቷል።

መጋቢት 12

ከሥራ ወጥቼ ሰዓት ሠሪው ጋ ጎራ አልኩ። አሮጌ ብዕር የሚፈልግልንም የሚጠግንልንም እሱ ነው፤ የሁለታችንንም ጉድ ያውቃል።

«ዶክተሩ መጥቶ ነበር» አለኝ፣ ከሥራው ቀና ሳይል።

«ምን ሊገዛ?»

«ኧረ ምንም። የአማታችሁን የግድግዳ ሰዓት ይዞ ነው የመጣው። ከሞተ የቆየ ሰዓት! በኔ ወጪ አድስልኝ አለ። እንዲህ ያለ አማች ከየት ይገኛል?»

«ከየት ይገኛል» አልኩ።

ለካ እሱም ሰምቷል። ሚስቱ ነገረችዋ! ወጥ ቤት የነበረችው እሷ አይደለች? እኔ ፎጣ ይዤ ደጅ ቆሜ የለቃቀምኩትን እሱ አልጋው ላይ ተንጋሎ ሰማው።

እንግዲህ ተጀምሯል።

መጋቢት 20

አማቴ ቤት። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁ። ሁለት አምፖል ቀየርኩ፤ አንዱ የሚሠራ ነበር። ጋዜጣ አነበብኩላቸው፣ የጨረታ ማስታወቂያው ሳይቀር።

«አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ እማማ። ምነው?»

«አይ፣ ስትመጣ ሶፋው ላይ ነበር የምትተኛው ብዬ ነው።»

ቡፌውን በጎን ዓይኔ እያየሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ዶክተሩ! ከነመሣሪያ ሻንጣው። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሊያስተካክልላቸው።

«ጋሼ! አንተም እዚህ?»

«አንተስ?»

«እማማን ጥርሳቸው እየላላ አስቸግሯቸው...»

«የላላው ዛሬ ነው?»

አማቴ ጥርሳቸውን አውጥተው ስለነበር አልተናገሩም። ግን እየሳቁ ነበር። ትከሻቸው ያስታውቃል።

ከሚስቴ ጋር ስንወጣ እንደ ወትሮው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በመስታወት የተሰቀለችውን ማመልከቻ አየሁ። ጠበቃው በመጨረሻ ያሸነፉበት ጉዳይ። ያ የእጅ ጽሑፍ! ፊደሉ ሁሉ ቀጥ ብሎ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይጣበቅ... እኔ በሙያዬ አራሚ ነኝ፤ የማሳተሚያ ድርጅቱ ደመወዝ የሚከፍለኝ የሰው ስህተት እንዳገኝለት ነው። በዚህች ገጽ ላይ ግን አንዲት ነጥብ እንኳ የምነካው የለኝም። ይህን የጻፈ እጅ ቢሳም አይበዛበትም። ለሚስቴ በመንገድ ላይ ይህንኑ ነገርኳት። «ታክሲው አለፈን» አለች።

መጋቢት 27

ሥራ ላይ ስለ አትክልት እንክብካቤ የሚያወራ መጽሐፍ ሳርም ዋልኩ። አለቃዬ ጠራኝ። «እዚህ ጋ ‘ጥርስ’ የሚል ጽፈሃል፤ ሰውየው ያለው ‘ሥር’ ነው።»

ቅናት በቀይ ቀለም ሲወጣ እንዲህ ነው።

ሚያዝያ 2

ዶክተሩ ቤት እራት ተጠራን። ገና ሳንቀመጥ ዐሥረኛዋን አወጣት። ቀጭን፣ ባለ ስምንት ማዕዘን፣ ሙሉ ወርቅ። መብራቱ ሥር ሲያዞራት እያንዳንዱ ጎን ተራ በተራ በራ።

«ቆንጆ ናት» አልኩ። ያለ ማደንዘዣ እንደሚነቀል ጥርስ ነው ቃሉ የወጣው።

ማጉያ መነጽሬን ከኪሴ አወጣሁ። በዚህ እንኳ አይበልጠኝም። ብዕር ብዙ ዓመት ሲጻፍበት ጫፉ በባለቤቱ እጅ ልክ ይሞረዳል፤ ተጭኖ ይጻፍ አቅልሎ፣ በየት በኩል ይያዘው፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይቀራል።

«የዚህች ባለቤት ቁጡ ሰው ነበር» አልኩ። «ተጭኖ ነው የሚጽፈው። ብዕሩንም አንጋሎ ይይዛል።»

ዶክተሩ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ሁልጊዜ ሰውን ነው እንዲህ የሚያስከፍተው። ደስታው ትንሽ በዛብኝ መሰለኝ፣ «ጫፉን አሳዩኝ፣ እጁን ልንገራችሁ!» አልኩ።

ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝ። «እውነት? የማንንም?»

«የማንንም።»

ወደ ሰላጣዋ ተመለሰች።

ሚያዝያ 16

ሚስቴ የገበያ ወረቀቷን እየጻፈች ነበር። ወረቀቱን እንደ ልማዷ አጋድማ። የእጇ ጠርዝ ቀለም በቀለም ሆኗል፤ የክሊኒኩ እስክሪብቶ ይለቀልቃል።

«እማዬ ቤት የሚቀየር አምፖል አልቋል» አለች። «ለምን አታሳርፏትም፣ ሁለታችሁም?»

«ትልቅ ሰው መርዳት ነውር ሆነ?»

«ብዕሩን ፈልገህ ነው።»

ማጉያዬን በሸሚዜ ጠረግሁ።

«ብታገኘው ምን ልታደርግበት?»

«እጠብቀዋለሁ።»

«ከማን?»

ከዶክተሩ ማለት አልቻልኩም። «ከጊዜ» አልኩ። ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ዘይትና ጨው ጻፈች።

ግንቦት 1

አሸነፍኩ!

ሚስቴ ከእናቷ ዘንድ መጣች። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ ቁልፍ፣ ሎሚ፣ የተቋጠረ መሐረብ። መሐረቡን ፈታችው... ብዕሩ።

«እማዬ ሰጠችኝ» አለች። «በየሳምንቱ በር ከምከፍትላቸው ብላ።»

«አወቁኝ!» አልኩ። «ለሚያውቅበት ብለው ነበር፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። አወቁኝ ማለት ነው!»

የሆነ ነገር ልትል ነበር። ስልክ እየደወልኩ ስለነበር አልሰማኋትም። ዶክተሩ «እንኳን ደስ ያለህ ጋሼ» አለ። ድምፁ ውስጥ የነበረችውን ነገር ቬልቬት ላይ ላስቀምጣት ብችል ኖሮ!

የቬልቬት ሳጥኑ አምስተኛ ጉድጓድ ሞላ። ቆለፍኩ።

ግንቦት 2

ሚስቴ ዝም ብላለች። ደስታ ይሆን?

ግንቦት 6

ዶክተሩ ሊያይ መጣ። ጥርስ የሚያይበትን፣ ግንባሩ ላይ መብራት ያለውን መነጽር ይዞ ነው የመጣው። አጠለቀው። ብዕሩን ከፈተ። አፍህን ክፈት የሚለው ብቻ ነው የቀረው።

«ጋሼ... ጫፉ ተበልቷል።»

«ምን?»

«በአንድ ወገን። ተበላሽቷል ነው የምልህ። ዋጋው እንግዲህ... እህ።»

«እህ»ን አረዘማት። ከመንቀሉ በፊትም የሚላት እሷኑ ነው።

«ቅናት ነው» አልኩት ፊት ለፊት።

«ሊሆን ይችላል» አለ። ሻዩን ጨርሶ በሰላም ሄደ። ሰውየው አይጣላም! ምን ይደረጋል?

ግንቦት 7

ራሴ አየሁት። በመስኮቱ ብርሃን፣ በጥሩው ማጉያ።

አልተበላሸም። ተሞርዷል። በዓመታት ጽሑፍ፣ ለስለስ ብሎ፣ ባማረ ሁኔታ። ግን በተቃራኒው ወገን። ይሄ የቀኝ እጅ ሥራ አይደለም።

ጠበቃው በቀኝ ነበር የሚጽፉት። ከቡፌው በላይ ባለው ፎቶ በቀኝ እጃቸው ይዘውታል። ታዲያ ማነው? ሲገዙትም አሮጌ ነበር? የቢሯቸው ጸሐፊ ይሆን? ዶክተሩ ተውሶት...? አይ፣ እሱም በቀኝ ነው የሚነቅለው።

ስሙን በማላውቀው ሰው መቅናት ጀመርኩ። ከዚህ ብዕር ጋር ረጅም ዘመን የኖረ ግራኝ አለ። ብዕሩ ለሱ ብሎ ቅርጹን ለውጧል። እኔ ደግሞ አለኝ የምለው ቁልፍ ብቻ ነው።

ቀለም ሞላሁበት። አዎ፣ እኔ! ስሜን ልጽፍ ሞከርኩ። ቧጨረ። ወረቀቱን ቀደደው። ደጋግሜ ሞከርኩ... በእጄ እንቢ አለኝ። አጥቤ መለስኩት።

ግንቦት 13

አላስቻለኝም፣ አማቴን ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ፣ በዚያ በተስተካከለው ጥርሳቸው።

«ጠበቃው? ዓይናቸው ከደከመ ወዲያ ምኑን ይጽፋሉ! እሳቸው እዚች ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ ይናገራሉ። የሚጻፈው በሌላ ሰው ነው። ኮሪደሩ ላይ ያለውም እንደዚያው።»

«ኮሪደሩ ላይ ያለችውም?»

«እሷም።»

«በማን?»

«ጫፉን አሳዩኝ፣ እጁን ልንገራችሁ ያልከው አንተ አይደለህ? ልጆቹ ነግረውኛል። እህ፣ ንገረኝ እንጂ!»

«እማማ፣ በሞቴ... ይንገሩኝ።»

«ሂድ ወደ ቤትህ። ሂድና ምሳህን ብላ።»

ዶክተሩ ያሳደሰው ሰዓት ከጀርባዬ ደወለ። ደህና አድርጎ ነው የሚሠራው።

ግንቦት 15

ሳጥኑ ውስጥ አራት ናቸው። አምስተኛው ጉድጓድ ባዶ ነው።

ብዕሩ ወጥ ቤት ነው ያለው፣ ብርጭቆ ውስጥ፣ ከመቀሱ ጋር። ዛሬ ጠዋት ሚስቴ ሳሙና፣ ሽንኩርት፣ ክብሪት ጻፈችበት። አጠገቧ ቆሜ አዳመጥኩ። ድምፅ የለውም። ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ነገር። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው፣ አንዱ ከአንዱ ሳይጣበቅ... ሽንኩርት እንዲህ ሆኖ ተጽፎ አላየሁም።

«ዋጋው አይወርድም?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ይውረድ።»

ወረቀቱን እያየሁ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ስልክ ላይ ነበርክ።»

ከሰዓት በፊት ዶክተሩ ደወለ። «ጋሼ፣ ያ የተበላሸው... ለኔ ብትሸጥልኝስ?»

«የኔ አይደለም» አልኩት።

«እህ» አለ፣ አረዘማት። መቅናቱን ሰማሁት። እንደ ድሮው ደስ አላለኝም፤ እኔም እዚያው ቅናት ላይ ነበርኩ። እሱ ቢያንስ በሩቅ ነው የሚቀናው።

ምሳ ላይ ክርናችን ተጋጨ። ሾርባው ሸሚዜ ላይ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሚስቴ ግራኝ ናት።