ሜዳ ውስጥ ስድስት ሰው ላስገቡ ሦስት አሰልጣኞች

ሰኔ 20 ቀን 2006 ዓ.ም.
ቡታጅራ

ለተከበሩ አቶ ፊልጶስ፣ የጥድ ሜዳ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ
ለተከበሩ አቶ ደበሌ፣ ምክትል አሰልጣኝ
እጅግ ለተከበሩ አቶ ያረጋል፣ የአደረጃጀትና የግንዛቤ አሰልጣኝ

ጉዳዩ፦ ተማሪ ዑመይር ወደ ቡድኑና ወደ አልጋው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አሰልጣኞቻችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናችሁ፣ ቤተሰባችሁ፣ በተለይም በዓመቱ የስብሰባ ብዛት የደከመው ጉሮሯችሁ እንዴት እንደሰነበተ ለማወቅ እወዳለሁ። እኛ የቡታጅራ ደጋፊዎች አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ከእናንተ ውጤት በስተቀር የሚያመን ነገር የለም። እኔ ሰልሚያ ሸረፋ እባላለሁ። ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ልብስ እሰፋለሁ። ቡድኑ በሜዳው የሚያደርገው ጨዋታ አምልጦኝ አያውቅም፤ ባለቤቴ ከኔና ከቅርጫት ኳስ አንዱን ምረጪ ብሎኝ ሲያበቃ መልሴን ሳይሰማ ሐሳቡን የቀየረው ለደኅንነቱ ብሎ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ይህን ደብዳቤ በግል እንዳልሰጣችሁ ቢሮአችሁ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ፣ በኮሌጁ በር፣ በመናኸሪያውና በሀቢቡ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። በዚያ ስታልፉ እንደምታነቡት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ባታነቡትም የሚያነብላችሁ አይጠፋም።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ባጭሩ ላስረዳ። በዘንድሮው የኮሌጆች ውድድር ቡድናችን አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ አጠናቋል። ይህንንም ቦታ የሚሻማው ስላልነበረ በሰላም ነው ያገኘው። ለሽንፈቱ ተጠያቂ ሆኖ የተገኘው ግን ከሦስቱ አሰልጣኞች አንዱ ሳይሆን የቡድኑ ምርጥ ተጫዋች ዑመይር ነው። እንዴት እንደሆነ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ እናንተ በተራ ቁጥር ያልቀረበ ነገር እንደማትወዱ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፦ ስለ አደረጃጀቱ። ዓመቱ ሲጀመር ቡድኑን በአንድ ለአምስት ለማደራጀት መወሰናችሁን ስሰማ ከልቤ ተደስቼ ነበር። እኔም በቀበሌዬ የሴቶች አንድ ለአምስት አባል ስለሆንኩ ጥቅሙን አውቃለሁ፤ መጸዳጃ ቤት ያስቆፈረን፣ ልጆቻችንን ያስከተበን እሱ ነው። ስለዚህ ማንም ይህን ወረቀት ይዞ አደረጃጀቱን ነቀፈች እንዳይልብኝ አደራ እላለሁ። የኔ ጥያቄ ትንሽ ናት። አንድ መሪና አምስት ተከታይ ሲደመሩ ስድስት ይሆናሉ፤ ቅርጫት ኳስ ደግሞ፣ እናንተን ማስተማር እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ሜዳ ላይ አምስት ሰው ነው የሚጫወተው። ይህ ገና በጥቅምት ሲነሳ አቶ ያረጋል የቁጥር ጉዳይ ነው፣ በሂደት ይፈታል ብለው አልፈውት ነበር አሉ። እውነትም በሂደት ተፈታ፤ ወልቂጤ ላይ፣ በዳኛ ፊሽካ።

መሪ የተባለውም ልጅ የተመረጠው ኳስ ስለሚችል ሳይሆን ከስብሰባ ቀርቶ ስለማያውቅ ነው። በልጁ አልፈርድም፣ ስሙንም አላነሳም። ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ ክፋት የለበትም።

ሁለተኛ፦ ስለ ልምምድ። የስፌት መኪናዬ ያለችው በመስኮቱ በኩል ስለሆነ ሜዳው ወለል ብሎ ይታየኛል። መጀመሪያ ሰሞን ልምምድ ነበር። ሽንፈት ሲመጣ ስለ ሽንፈቱ ግምገማ ተጠራ፤ በግምገማው ምክንያት ልምምድ ቀረ፤ ልምምድ ስለቀረ ቀጣዩ ሽንፈት መጣ፤ ለእሱም ሌላ ግምገማ አስፈለገ። እንዲህ የማያቋርጥ ሥራ መፍጠራችሁን ሳላደንቅ አላልፍም። ኅዳር ላይ አንድ ሰው ሜዳው ሥራ የፈታ መስሎት በርበሬውን አምጥቶ ሲሚንቶው ላይ አሰጣ። በርበሬው በደንብ ደረቀለት፣ በኩንታል ሞልቶ ወሰደ፤ ቡድኑ ያን ጊዜም ከአዳራሽ አልወጣም ነበር። በዚያ ሜዳ ዘንድሮ ውጤት ያገኘ እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ወልቂጤው ጨዋታ። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ስለነበር ገና ሳይነጋ በሁለት ሚኒባስ ተጭነን ሄድን። ማሸነፍ ምን እንደሚመስል ለማየት ጓጉተን ነበር፤ ልታሳዩንም ምንም አልቀራችሁም። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ነጥብ እንመራ ነበር። ያስመራን ዑመይር ነው። ኳሷን ከሜዳ ጫፍ እስከ ጫፍ እያነጠረ፣ ሦስት ሰው አልፎ ሲያስቆጥር የወልቂጤ ሰዎች ሳይቀሩ ቆመው አጨበጨቡለት። እኔም ጎረቤቴን አቅፌ አለቀስኩ፤ ጎረቤቴ የወልቂጤ ደጋፊ መሆኗን ያወቅሁት በኋላ ነው።

በዚህ መሀል ታይም አውት ጠየቃችሁ። ለምን እንደጠየቃችሁ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። አቶ ደበሌ ስልክ ያወሩ ነበር። አቶ ፊልጶስ መሬት መሬት ያዩ ነበር። አቶ ያረጋል ግን እጃቸውን እያወናጨፉ፣ እኛ እስከተቀመጥንበት ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ ለዚህ ወሳኝ ምዕራፍ ሙሉ ኔትወርኩ ይግባ ሲሉ መመሪያ ሰጡ። ሙሉ ኔትወርኩም ገባ፤ መሪው ከአምስት ተከታዮቹ ጋር፣ ስድስት ሆነው።

ዳኞቹም ወዲያው አላስተዋሉም፤ እንዲህ ያለ ነገር ማን ይጠብቃል? ያስተዋለው ዑመይር ነው። ኳስ ይዞ ለጓደኛው ሊያቀብል ዞር ሲል ሰው በዛበት፣ ቆጠረ፣ ኳሷን ሰጥቶ ስድስት ነን እያለ በገዛ እግሩ ወደ መስመሩ ሮጠ። አንድ እግሩ ወጥቶ ሌላው ሳይወጣ ፊሽካው ተነፋ። ለወልቂጤዎች ሁለት የቅጣት ውርወራ ተሰጠ፣ ሁለቱም ገቡ፣ ኳሱም የእነሱ ሆነ። በአንድ ነጥብ ተሸንፈን ቡታጅራ ገባን።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ ትሕትና ቢያጥረኝ ይቅርታ እንድታደርጉልኝ እጠይቃለሁ። በማግሥቱ ግምገማ ተቀመጣችሁ። የዓመቱ ክንውን ሲነበብ እኛም ከአዳራሹ መስኮት ሥር ቆመን ሰማን። በጠንካራ ጎን የስብሰባ ተሳትፎ፣ በደካማ ጎን ደግሞ በተጋጣሚዎች በኩል የታየ ኳስ የመንጠቅ ኪራይ ሰብሳቢነት ተጠቀሰ። እስከዚህ ድረስ ሳቅን። ቀጥሎ ግን ከስድስቱ ትርፉ ሰው ማን ነበር የሚለው ጥያቄ ተነሳ። ስድስቱም በእናንተው ትእዛዝ ስለገቡ መለየቱ አስቸጋሪ ነበር። መላውን ያገኙት አቶ ያረጋል ናቸው፤ ከሜዳ ሊወጣ የሞከረ ዑመይር ብቻ ነው፣ ትርፍ ባይሆን ኖሮ ለምን ይወጣ ነበር? አሉ። አቶ ደበሌ ደገፉ። አቶ ፊልጶስ፣ እርስዎ ዝም አሉ። መስኮት ሥር የነበርነው ሳቃችንን ያቆምነው ያን ጊዜ ነው።

ዑመይር ተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት ግለ ሂስ እንዲያደርግ፣ በራሴ ፈቃድ ስድስተኛ ሆኜ ገብቻለሁ እንዲል ታዘዘ። አንገቱን ደፍቶ፣ በጨዋ ደንብ፣ ያላደረግሁትን አደረግሁ አልልም አለ። ከቡድኑ ተሰረዘ። በስፖርተኛነቱ ያገኘው አልጋና ምግብም አብሮ ተሰረዘ። አሁን የዓመቱን ፈተና የሚፈተነው እኔ ሱቅ ውስጥ፣ ከጨርቅ ጥቅል መሀል እያደረ ነው። የኤሌክትሪክ ሙያውን ሊጨርስ የቀረው አንድ ዓመት ነው፤ ማደሪያው ካልተመለሰለት ግን መስከረም ላይ ወደ ኮሌጁ አይመለስም፤ ቤት ተከራይቶ የሚማርበት አቅም የለውም።

አባቱ ጋሽ አብዶ መስቃን ውስጥ በርበሬ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። በገበያ ቀን መጥተው፣ አቶ ፊልጶስ ቢሮ ገብተው ሲወጡ አየኋቸው። ሱቄ ደጃፍ ዱካ ላይ ቁጭ አሉና፣ ልጄ ምን ሰረቀ ንገሪኝ አሉኝ። ምንም አልሰረቀም ብላቸው አላመኑኝም። ምንም ያልሰረቀ ልጅ ከነፍራሹ ይባረራል ብሎ ማን ያምናል? ያን ቀን ልብስ መስፋት አልቻልኩም፤ የያዝኩትን ጨርቅ አጣጥፌ አስቀመጥኩት። ሦስት የተማሩ ሰዎች አንድ ሽማግሌ የገዛ ልጁን እንዲጠራጠር ማድረጋችሁን ሳስብ፣ አሁንም እናደዳለሁ።

ደጋፊውም በእናንተ የተነሳ እየታመሰ መሆኑን ብታውቁ ደስ ይላችሁ ይሆናል። በሻይ ቤቱ ሁለት ወገን ተፈጥሯል። ባለቤቱ ሀቢቡ ጥፋቱ የዋና አሰልጣኙ ነው ባይ ነው፤ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ከማያውቀው ይብሳል ይላል፤ ወላሂ እሳቸው እያሉ ኮሌጁ ሜዳ አልረግጥም ብሎም ምሏል። የሂሳብ መምህርቷ ዓለምዘውድ ደግሞ ስድስትን ከአምስት ያልለየው ሰው እያለ ሌላውን ምን አስነካው እያለች አቶ ያረጋልን ተጠያቂ ታደርጋለች። ክርክሩ ከሮ ከሮ ሁለቱ ሰላምታ ካቆሙ ሰነበቱ፤ እሷም ሻይዋን ማዶ ነው የምትጠጣው። ስለ አቶ ደበሌ የተከራከረ የለም፤ ስልካቸውን እስኪጨርሱ እየጠበቅን ነው። ከወልቂጤ የሚመጡ ሾፌሮች በበኩላቸው የዚያን ከተማ ደጋፊዎች መልእክት ያደርሱናል፤ እባካችሁ አሰልጣኞቹን አትንኩብን፣ ለከርሞም ይቆዩልን ብለው ይማጸናሉ። በሰው አገር እንዲህ መወደድ ለሁሉም አይሰጥም።

እኔ ግን እንድትነሱ አልጠይቅም። እናንተን ለማንሳት ስብሰባ መጠራቱ አይቀርም፤ ስብሰባ ደግሞ ስለምትወዱ ደስታችሁን መጨመር አልፈልግም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁ ወደ አልጋው ይመለስ፤ አባቱም ልጃቸው ሌባ አለመሆኑን ከእናንተ አፍ ይስሙ።

ይህንንም የምለው በተለይ ለእርስዎ ነው አቶ ፊልጶስ። ከሦስታችሁ ስፖርት የተማሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ዑመይርን ከገጠር ትምህርት ቤት አግኝተው፣ ይህ ልጅ ይጫወታል ብለው በእጅዎ ይዘው ያመጡት እርስዎ ነበሩ፤ ያን ዕለት ሱቄ ገብተው የመጀመሪያ ማልያውን ሲያሰፉለት እንዴት ይኮሩበት እንደነበር አልረሳሁም። እኛ ነን ያስገባናቸው ማለት ሦስት ቃል ነው። ግለ ሂስ ለተማሪ ይጠቅማል ካላችሁ አሰልጣኝንም አይጎዳም።

በመጨረሻም ስለሰጣችሁን ትዕግሥት፣ ለጎረቤት ከተሞች ስላካፈላችሁት ደስታ፣ በርበሬ ለሚያሰጡ ወገኖቻችን ስላበረከታችሁት ሰፊ ሜዳ በራሴና በደጋፊው ስም ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ መጪው ክረምት የዕረፍት፣ የማሰላሰልና ከተቻለም እስከ አምስት የመቁጠር ጊዜ እንዲሆንላችሁ እመኛለሁ።

ውጤታችሁ ዝቅ ባለ ቁጥር አክብሮቷ ከፍ የሚልላችሁ፣
ሰልሚያ ሸረፋ
ልብስ ሰፊ፣ ቡታጅራ

ግልባጭ፦
ለኮሌጁ ዲን ጽሕፈት ቤት፣ ከስብሰባ ሲወጡ
ለሀቢቡ ሻይ ቤት ግድግዳ
ለአቶ ደበሌ፣ መስመሩ ሲለቀቅ

ማስታወሻ፣ ሐምሌ 14 ቀን የተጨመረ፦ መልስ አላገኘሁም። የመጀመሪያውን ቅጂ ከኮሌጁ በር ላይ የገነጠለውን ሰው ግን ሙጫዬን ስላልነካብኝ አመሰግነዋለሁ፤ ይኸኛው የተለጠፈው በዚያው ሙጫ ነው። ጥያቄዬንም አንስቻለሁ፣ ከእንግዲህ አትቸገሩ። ያን ዕለት ቆመው ያጨበጨቡለት የወልቂጤ ሰዎች ዑመይርን አስጠርተው በኮሌጃቸው ቦታም፣ አልጋም ሰጥተውታል። አባቱም አብረውት ሄደው የሚተኛበትን ክፍል አይተው ተመልሰዋል። የመጪው ዓመት የመጀመሪያ ጨዋታው ከእናንተ ጋር፣ እዚያው ወልቂጤ ነው፤ ሁለቱን ሚኒባሶች ከወዲሁ ይዘናል፤ የትኛው ወገን እንደምንቀመጥ ስትመጡ ታዩታላችሁ። ልጁ ሲሰናበተኝ፣ አደራ ለአቶ ፊልጶስ ሰላምታዬን አድርሺልኝ ብሎኝ ነበር። እሱ ጨዋ ልጅ ነው። እኔ ግን አላደርስም።