ግራጫው መልእክት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ
የቲቢ ታካሚዎች መከታተያ ፕሮግራም መጫኛው አለቀልኝ። ተጭኖ ሲያበቃ ስክሪፕቱ፣ ማለትም መጫኛውን የሚያንቀሳቅሰው የትዕዛዝ ፋይል፣ አንድ መልእክት ያሳያል፦ ፕሮግራሙን ከመክፈትዎ በፊት የድሮውን መረጃ በፍላሽ ይቅዱ፤ ካልቀዱ ይጠፋል። በየመስመሩ ለያይቼ ነበር የጻፍኩት። ስሞክረው ግን ተጣብቆ፣ ከፋይል ስሞቹ ሥር፣ በዚያው ደብዛዛ ግራጫ ፊደል ወጣ። የስክሪፕቱ ዲፎልት፣ ካልነኩት የሚመጣው አቀማመጥ፣ እንደዚያ ነው... ላስተካክለው?
አለቃዬ ኩማ፣ "ዲፎልቱን አትነካኪ፣ ዛሬ ይላክ" አለ። ተላከ።

ጥቅምት 5
ቀኑን ሙሉ ስብሰባ። ስልኬ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። እዚህ ሰው ኮምፒውተር አንድ ነገር ካሳየው ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል እንጂ አያነብም። በጠረጴዛ ሥር ስመልስ ዋልኩ። ሰለቸኝ።

ጥቅምት 7
ሀዲያ ከሂርና ጤና ጣቢያ ደወለች። የቲቢ ክፍል ነርስ ናት።
"ትዕምርቴ፣ ወላሂ ሰዎቼ ጠፉ! ስከፍተው ባዶ ነው።"
"መልእክቱን አላነበብሽም?"
"የቱን መልእክት?"
ፕሮግራሙ ለተላከላቸው ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ደወልኩ፤ ደግነቱ ገና አልከፈቱትም። የሂርናው ከወረቀት ካርዶቹ እንደገና ይመዘገባል፤ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እንጃ።
ኩማ ግን በንዴት ጦፏል። "ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፣ አላነበበችም። ሪፖርቱን እንዲህ ጻፊው። ሰኞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ያያታል።"
ከሥራ ሊያስወጧት ነው? ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቹን የያዘችው ብቻዋን ነው...

ጥቅምት 8
ሪፖርቱን ጀመርኩ። "ነርሷ መመሪያውን ባለማንበቧ..." ማስረጃ ላያይዝ ቴሌግራም ከፈትኩ። የሀዲያ ፎቶ፣ የረቡዕ ዕለቱ። ያው ግራጫ ጽሑፍ። ሥሩ፣ "ልክፈተው?" ብላለች።
የእኔ መልስ፦ "አዎ፣ ክፈቺው።"
እኔ! የገዛ ጽሑፌን ፎቶ ከፍቼ አላየሁትም። የፋይል ስም ግርግር መሰለኝ። የጻፍኩት እኔ ካላየሁት እሷ እንዴት ታየው?
ቴሌግራም መልሴን ከሁለታችንም ስልክ ያጠፋልኛል። አንድ ጊዜ መንካት ነው... ጣቴን አስጠጋሁ። አራቅሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ፈርቻለሁ።

ጥቅምት 9
ቸርች ሄጄ ስብከቱ ጆሮዬ አልገባም። ሀዲያ ከአርብ ወዲህ አልደወለችም። ደውላ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
ከሰዓት መልእክቱን አስተካከልኩ። ብቻውን፣ በቀይ፤ "ቀድቻለሁ" ተብሎ ካልተጻፈለት ፕሮግራሙ አይከፈትም። ጥቂት መስመር ብቻ ፈጀ። ለዚህ ነው የሰነፍኩት?

ጥቅምት 10
ጠዋት ሪፖርቱን ለኩማ ሰጠሁት፤ ፎቶውን ከነመልሴ አያይዤ።
"አብደሻል? ራስሽን እኮ ነው የምትከሺው!"
"አዎ።"
ማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ለእኔ ተጻፈ። ሀዲያ ነጻ ወጣች። ከኮሚቴው ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቅኋት። ይቅርታ አልኳት።
"መልሴ ስልክሽ ላይ ነበር አይደል? አርብ ዕለት ሲከሱሽ ለምን አላሳየሻቸውም?"
"አንቺው እንድትነግሪያቸው ጠበቅኩ።" ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ፎቶው፣ ጥያቄዋ፣ መልሴ... ሁሉም ታትሟል። "ዛሬም ዝም ብትዪ ግን አወጣው ነበር። ልጆች አሉኝ።"
እስከ ሚኒባሱ ሸኘኋት። የሂርናውን ምዝገባ ነገ አብረን እንጀምራለን።