ስለ ግራጫዋ ባዝራ ጠይቂን

ይድረስ ሞስኮ ላለችው እህቴ ለጉልዛት። የምትናገረው እማዬ ናት፤ እጇ ስላበጠ የምጽፈው እኔ ኤርኪን ነኝ፣ ሰፈሩን በትግል ያንበረከክኩት ወንድምሽ! «ልጄ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፣ የምትረግጪው ሁሉ ይለምልምልሽ» ብላለች።

በጎቹ ደህና ናቸው። እማዬ ግን ደክሟታል። ዕድሜዋን ሙሉ የሂሳብ አስተማሪ የሆነችውን እሷን ወደ ናሪን ከተማ ወስደው፣ ስለ አእምሮ ጤናና ስለ ጤናማ ትዳር እንድታስተምር አሰለጠኗት። «ይሄም ትምህርት ሆኖ!» ብዬ ስቄባት ነበር። አሰልጣኟ «አንዲት ሴት ጋ በተደወለ ቁጥር ስልኳን የሚያነሳው ባሏ ከሆነ ዝም አትበሉ» ስትል ግን እማዬ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አንቺ ጋ ስንደውል ሁሌ የሚያነሳው ባልሽ ሩስላን ነው።

«ሄጄ አንገቱን ልጠምዝዘው?» አልኳት።

«አንተ ጅል፣ መጀመሪያ እሷ ትጠየቃለች። እንደዚያ ነው የተማርነው። ሰኞ ሴት ተማሪዎቼ ፊት የምቆመው የራሴን ልጅ ሳልጠይቅ ነው?»

ስለዚህ ይሄን ወረቀት ወደ ሞስኮ የምትመጣው ጎረቤታችን እትዬ ቡርማ በምታመጣልሽ የደረቀ እርጎ ከረጢት ውስጥ ደብቀነዋል። ሩስላን ሽታውን ስለማይወድ አይነካውም።

«ልጄ፣ እንዴት ነሽ?» ትላለች። ደህና ካልሆንሽና ወደ ቤት መመለስ ከፈለግሽ ስንደውል፣ እሱ እየሰማም ቢሆን፣ ስለ ግራጫዋ ባዝራ ጠይቂን። እንደሸጥናት እሱ አያውቅም። እማዬ «ወለደች» ካለችሽ እኔ ላመጣሽ መንገድ ጀምሬያለሁ ማለት ነው። አንገቱን እንደማልነካው አስምላኛለች። ካልጠየቅሽም አንቆጣሽም፤ ሌላ ጊዜ እንጠይቅሻለን።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ ብላለች። አልጋሽንም አንጥፋዋለች።