ገናን ያለ ዱቤ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 24

ጋሼ ይመር ሳይጠይቀኝ ቅርጫ ውስጥ አስገብቶኛል። ያውም ሁለት መደብ። ዛሬ ጠዋት ከውጫሌ ደውሎ እንደ ምሥራች ነገረኝ። በሬ ተገኝቷል፣ ሰውም ሞልቷል፣ ለእኔ ግን ታላቅ ወንድሜ ነውና ቀድሞ ቦታ ይዞልኛል። ብሩን ከየት እንደማመጣ ስጠይቀው፣ "ምን አስጨነቀህ? ትርንጎ ስትመጣ ትከፍላለች" አለኝ። ሳልመልስለት ስልኩ ተቋረጠ።

ትርንጎ ሚስቴ ናት። ሦስት ዓመት አረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ አርብ ትገባለች። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያልሰማ የለም። ዓሣ ሊገዙኝ የሚመጡ ሰዎች ስለ ዓሣው ትኩስነት መጠየቅ ትተው "ምን ይዛ ትመጣ ይሆን?" ይሉኛል። እኔን ደግሞ የሚያጓጓኝ ሌላ ነው። ድምፅዋን በስልክ እሰማለሁ። አረማመዷ ግን እንዴት ሆኖ ይሆን? አሁንም በሩቁ እለየው ይሆን?

ያለፈው ዓመት ገና የዋለው ጦርነቱ ከከተማችን በወጣ በወሩ ነበር። ከቤታችን ከግድግዳው በቀር የተረፈ ዕቃ አልነበረም። ዘይቱንም፣ በርበሬውንም፣ ዶሮውንም በዱቤ ወስጄ በዓሉን አሳለፍን። ዱቤው ግን በዓሉ ካለፈም በኋላ አላልፍ አለ። እስከ ሐምሌ ስከፍል ከረምኩ፣ የመጨረሻውን የዘጋችልኝ ትርንጎ ናት። ያን ቀን ለራሴ ቃል ገባሁ፦ የሚመጣውን ገና ያለ ዱቤ፣ የሷንም ብር ሳልነካ እውላለሁ።

እስካሁን ተሳክቶልኛል። ያለውን ልጻፍ፦

በርበሬ፦ ተፈጭቶ ተቀምጧል።
ሽንኩርት፦ ሲረክስ ገዝቼ አልጋ ሥር ዘርግቼዋለሁ። ጥቂቱ አቆጥቁጧል፣ አይጣልም።
ቅቤ፦ ከአምባሰል ገጠር ከሚመጡ ሴቶች፣ በዓሣ ለውጬ።
ዶሮ፦ ሁለት አውራ። ልጃችን ሐመልማል ከጫጩትነት ጀምራ ያሳደገቻቸው።
በግ፦ አንድ። ክረምት ላይ ከስቶ አጥንቱ ሲታይ በርካሽ ገዛሁት። አሁን ጓሮ ሲራመድ ላቱ ይወዛወዛል።

ይህ ሁሉ እያለ ሁለት መደብ የበሬ ሥጋ ለምን?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 25

ጠዋት ጥሩ ዓሣ ወጣልኝ፣ አብዛኛው ቆሮሶ። የነቢያት ጾም ለእኛ ለዓሣ ሰዎች መኸር ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየዓመቱ ይነሣል፣ እኔ አልገባበትም። የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። አብዛኛው ገዢ ሳልጠይቀው "ለልጆች ነው" ይለኛል። ልጅ የሌላቸውም ጭምር።

ከሰዓት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነብ መጥተው ሐመልማልን ቁሌት ሲያስተምሯት ሰማሁ። ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ከተንተከተከ ዘይት አያስፈልገውም፣ ቅቤው ኋላ ሲገባ ይበቃዋል ይላሉ። አላመንኩም። ዘይት እንደ ወርቅ በተወደደበት ዘመን እንዲህ ቀላል ከሆነ አገሩ ሁሉ ለምን ይቸገራል? አንዱ በዘይት አንዱ ያለ ዘይት፣ በሁለት ድስት የጾም ምስር ወጥ ይሠራ አልኩ። ሐመልማል ዓይኔን በነጠላ ሸፍና አቀመሰችኝ። ዘይት ያለው ይኼ ነው ብዬ በእርግጠኝነት ተናገርኩ። ተሳስቻለሁ። እትዬ ዘይነብ እስኪበቃቸው ሳቁ።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ወጥ ያለ ዘይት ይቁላላል።

ጋሼን ሦስቴ ደወልኩለት፣ አያነሣም። ይህ ሰው እንኳን ስለ ሥጋ ስለ ውሃም ሰው ለምኖ አያውቅም። ቅርጫ የሚገባውም አንድ መደብ ብቻ ነው፣ እሱንም እያጉረመረመ። ዘንድሮ ምን ነክቶት ነው ለእኔ ሁለት የያዘው? የተቆጣሁ መስሎኝ ነበር፣ ሲመሽ ግን ቁጣው በርዶ ጥያቄው ብቻ ቀረ። ነገ ሄጄ አየዋለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 26

ውጫሌ ደርሼ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው በዶሮ ላይ ዶሮ በሰው ላይ ነበር።

ጋሼን ያገኘሁት ከቤቱ ጀርባ ነው። ቀዩን በሬውን ከተለመደው ቦታው አውጥቶ ደጅ አስሮታል፣ ፊቱ ጭድ ብቻ ሳይሆን ሽምብራም አለ። የሚያርስ በሬ በታኅሣሥ ሽምብራ ሲቀርብለት አይቼ አላውቅም። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ገባኝ።

"ቅርጫው ይኼ ነው?" አልኩት።

ጭዱን በእግሩ ወደ በሬው ገፋ አደረገ። ሚስቱ ከቤት ብቅ ብላ ሰላም አለችኝና ተመልሳ ገባች።

የዚህ በሬ ጥንድ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቶበታል። ዘንድሮ ያረሰው ይህንኑ ከሌላ ገበሬ በሬ ጋር አቀናጅቶ ነው። ማዳበሪያና ዘር ደግሞ በዱቤ ወስዷል፣ ነጋዴው የሰጠው ቀጠሮ እስከ ገና ነው። ጤፉ ገና አልተወቃም። እና በሬውን ለቅርጫ ሊያርደው፣ ከየመደቡ በሚሰበሰበው ብር ዱቤውን ሊከፍል ኖሯል። ይህን ሁሉ የነገረኝ በአንድ ትንፋሽ አይደለም፣ እየቆራረጠ፣ ፊቱን ወደ በሬው አዙሮ ነው።

ለምን ቀድሞ እንዳልነገረኝ ጠየቅሁት።

"ታላቅ ከታናሹ ይበደራል?" አለኝ። "ሥጋውን ብትወስድ ገዛህ እንጂ ረዳህ አይባልም።"

በሬው ከታረደ በሚመጣው ክረምት በምን እንደሚያርስ ጠየቅሁት። "ያኔ ይታያል" ብቻ አለ።

የመጣሁት ስሜን ላሰርዝ ነበር፣ ሳላሰርዝ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ መጣሁ። ሁለት መደብ ብወስድ በሬውን ከሚበሉት አንዱ ልሆን ነው። ባልወስድ ሌላ ሰው ይወስደዋል፣ በሬው ያው ይታረዳል። እኔ ያለ ዱቤ ልዋል ስል ወንድሜ ያለ በሬ ሊቀር ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 27

በጉን ሸጥኩት።

ለእትዬ ዘይነብ ነው። ለሟች ባላቸው ሰደቃ ሊያወጡ በግ እያፈላለጉ እንደነበር አውቃለሁ። ለምን እንደምሸጠው ነገርኳቸው። እጃቸውን ላቱ ላይ ጭነው ብዙ አሰቡ።

"ገበያ የሚያወጣውን እሰጥሃለሁ" አሉኝ። "ወላሂ አላጎድልብህም። አልጨምርልህምም፣ ብጨምርልህ ውለታ ይሆንብሃል።"

እንዳሉት አደረጉ። በጉ አጥር ተሻግሮ ሲሄድ ወደ ኋላው እንኳ አልዞረም። ከክረምት ጀምሮ ከእጄ ሲበላ የነበረ በግ ነው! በግ ሰው ይለይ እንደሆነ ሁሌም እጠይቅ ነበር፣ አሁን አወቅኩ።

ሐመልማል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባዶውን ካስማ አየች። አላለቀሰችም፣ ከዚያ የባሰ ነገር አደረገች። ደብተሯን አስቀምጣ፣ ጓዳ ገብታ፣ ድስት ማጠብ ጀመረች። ስለ አጎቷ በሬ ስነግራት ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ሰማች። በመጨረሻ "እማዬ ስትመጣ ሰው ሁሉ ሊመጣ ነው። ምን ልናቀርብ ነው?" አለች። ሁለት ዶሮና ዓሣ አለን አልኳት። "ዓሣ ለገና?" አለች። እውነቷን ነው።

የበጉን ዋጋና የሰሞኑን የዓሣ ሽያጭ ደምሬ ለጋሼ በስልክ ላክሁለት። ብድር እንዳይመስለው፣ ስጦታም ብዬ እንዳላሳፍረው "ለበሬው" ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደወለ። ነጋዴው ከግማሽ በላይ ስላገኘ የቀረውን ጤፉ እስኪወቃ ታግሶታል። የቅርጫው ሰዎችም ሌላ በሬ ይፈልጋሉ፣ በዚህ ሰሞን ከገበያ የሚጠፋው ብር እንጂ በሬ አይደለም። ጋሼ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ስለ እኔ አንድ ቃል አልተናገረም። ልንሰነባበት ስንል ብቻ፣ "ወደ ቦታው መልሼዋለሁ" አለኝ።

ማታ ትርንጎ ደወለች፣ አዲስ አበባ ገብታለች። ድምፅዋ ቅርብ መሆኑ ራሱ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን እያሰብኩት ነው። ስለ ልጇ ጠየቀችኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ድንገት፣ "ለበዓሉ ብለህ ከሰው የወሰድከው ነገር አለ?" አለችኝ። አንዲት ሳንቲም አልወሰድኩም አልኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ። "አለሁ" አለችኝ። "ጥሩ ነው።"

ለምን ጠየቀች? ጋሼ ደውሎላት ይሆን? አይመስለኝም።

አርብ፣ ታኅሣሥ 28

መጣች።

ከደሴ የሚመጡትን ሚኒባሶች አንድ በአንድ ስንጠብቅ ዋልን። ሐመልማል ጸጉሯን ሁለት ጊዜ አፍርሳ ሠራችው። በመጨረሻ ከአንዱ መኪና ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች ሴት ወረደች፣ አረማመዷን ከማየቴ በፊት እጇን አየሁ። የመኪናውን በር ስትይዝ አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ድሮም እንዲህ ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ረስቼው ኖሯል።

ሐመልማልን አቅፋ ስታበቃ ገፋ አድርጋ አየቻት። እኩል ሆነዋል። "ልጄን ማን አስረዘማት?" አለችኝ፣ እንደ መቆጣት ብላ።

ረዳቱ መኪናው ላይ ወጥቶ ዕቃ ማውረድ ጀመረ። ከአረብ አገር የሚመጣ ሰው ዕቃ እንዴት እንደሆነ እዚህ ሁሉም ያውቃል፣ በገመድ የተተበተበ ካርቶን፣ ብርድ ልብስ፣ ቴሌቪዥን። ዙሪያውን የቆመው ሰውም ይህንኑ ይጠብቅ ነበር። ረዳቱ የሰውን ሁሉ አውርዶ ጨረሰ። የትርንጎ ግን ትከሻዋ ላይ ያለው አንድ ሻንጣ ብቻ ነው። አንሥቼ ባጃጁ ውስጥ አስገባሁት፣ በጣም ቀላል ነው።

እትዬ ዘይነብ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። "አብሽሪ ልጄ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ" ብለው ግንባሯን ሳሙ። ትርንጎ እሳቸው ትከሻ ላይ ከእኔ ይልቅ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ገብታ ቤቱን ዞራ አየች። አልጋ ሥር የተዘረጋውን ሽንኩርት ስታይ ተቀምጣ በእጇ ነካካችው፣ የበቀለውን ከደረቁ ለየች። ሌላ ሰው ቤት ለሦስት ዓመት ስትሠራ እንዲህ ያለ ሽንኩርት አይታ እንደሆነ ልጠይቃት ፈለግሁ፣ ግን ደክሟታል።

ቅዳሜ፣ ገና

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁለቱም ዶሮዎች ታረዱ። ሐመልማል ቁሌቱን ማንም እንዲነካባት አልፈቀደችም። ለሥጋው ሲሉ የሚመጡት ጎረቤቶች በግ እንደሌለ ሰምተው ይሁን አላውቅም፣ ብዙም ሰው አልመጣም። የመጡት ግን የመጡት ለትርንጎ ነው። ወጡ በቅቶ ተረፈ። የጠበስነው ዓሣ እንኳ አለቀ፣ ጾም በተፈታበት ቀን ዓሣ ማን ይበላል ያልነው።

እኩለ ቀን ላይ ጋሼ ይመርና ሚስቱ ከውጫሌ መጡ። የአምባሰል ማር በቅል ይዘዋል። ጋሼ ትርንጎን ስሞ አልተቀመጠም። ቆሞ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና በበሬው ላይ የሆነውን ሁሉ ነገራት። አልቀነሰም። እኔን ሁለት መደብ እንዳስገባኝ፣ "እሷ ትከፍላለች" እንዳለ፣ እኔ በጌን እንደሸጥኩ። "ሳትመጪ ዕዳ ልጭንብሽ ነበር" አላት። "ይቅር በይኝ።"

ትርንጎ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን በነጠላ ያዘች። እንግዶቹ ወጥተው ስለነበር ቤት ውስጥ ያለነው የቤት ሰዎች ብቻ ነን። ቀስ ብላ ነገረችን። አሠሪዋ ከሐምሌ ወዲህ ያለውን ደመወዝ አልከፈለቻትም። ዛሬ ነገ እያለች አቆየቻት፣ ኋላም የመሄጃ ትኬቷን ሰጥታ ሸኘቻት። ይዛ የመጣችው ከመንገድ ወጪዋ የተረፈውን ጥቂት ብር ብቻ ነው።

"ስላወጣችሁት ነገር ክፈይ ብትሉኝ ምን እንደምላችሁ" አለች፣ "አውሮፕላን ላይ ስቀመጥ ጀምሬ ሳስብ ነው የመጣሁት።"

ጋሼ አሁን ተቀመጠ። የቅርጫው ሁለት መደብ ዛሬ በቤታችን ቢኖር ኖሮ ማን ይከፍለው እንደነበር ሁላችንም እያሰብን ነበር። ሐመልማል ተነሥታ ለእናቷ ሌላ ወጥ ጨመረችላት። ትርንጎ ቀመሰችና ማን እንደሠራው ጠየቀች። ዘይት እንደሌለው ሲነገራት አላመነችም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 30

ጋሼና ሚስቱ አድረው በጠዋት ሄዱ፣ ጤፍ የሚወቃበት ሰሞን ነው። የተጣላም የታረቀም ሰው አልመሰለኝም፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ነው የሄደው። ለዱቤው ቀሪ ምን እንደሚያደርግ ነግሮኛል፣ አምነዋለሁ።

ዛሬ ማለዳ ሐይቁ ላይ ጉም ነበር። ጀልባውን ስገፋ ትርንጎ ከኋላዬ መጣች። ከእኔ ጋር መውጣት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ድሮ ውሃ ትፈራ ነበር። ለምን አሁን እንደማትፈራ ስጠይቃት፣ "ለሦስት ዓመት የማየው ውሃ በቧንቧ የሚመጣውን ብቻ ነበር" አለችኝ። መረቡን ስስብ ከጎኔ ተቀምጣ ዓሣውን ለየች፣ ትንንሹን ወደ ውሃው እየመለሰች። ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

የጾሙ ገበያ ተዘግቷል። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሥጋ እንጂ ዓሣ አይገዛም፣ እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ ገበያ የሌለበት ጊዜ ነው። የቀረን ግማሽ ጣሳ በርበሬ፣ ጥቂት ሽንኩርትና የሦስታችን እጅ ነው። ዕዳ የምንከፍለው ሰው ግን የለም፣ ማንም በር አንኳኩቶ ብሬን የሚል የለም።

ተመልሳ ትሄድ እንደሆነ ልጠይቃት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ደመወዟን ለማስመለስ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ደሴ አለ ብላለች፣ ከዚያ ያለፈ አልተናገረችም። አሁን ይህን ስጽፍ ደጅ ከሐመልማል ጋር የተቀደደ መረብ ዘርግተው ይጠግናሉ። መልሱን ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ግን ዛሬ አልጠይቅም።