ለእትዬ ዘሀራ ያልደረሰው መርዶ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስተኛ ወራችን ነው። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ቤቱ ደህና ነው ብልህ እዋሽሃለሁ። መኪናህን ሸጥናት። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተኸው የሄድከውን የፓስፊክ ካርታ ግን ለማጠፍ እጄ እምቢ ስላለኝ፣ እራቴን የምበላው ሶፋ ላይ ነው።

በዚያ ካርታ ስንት ጊዜ አሰልችተኸኛል! ወጣትነትህን በአየር ኃይል መለዋወጫ ክፍል ያሳለፍክ ሰው፣ እዚህ አሜሪካ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ጠብቀህ ስትመለስ ጫማህን ሳታወልቅ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትጀምራለህ። ካርታው ላይ የምትደረድረው ቆሎ ሽምብራ አውሮፕላን ነው፤ ከአውስትራሊያ ተነስቶ ከደሴት ደሴት እየዘለለ ጃቫ መድረስ አለበት። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ሆላንድና አውስትራሊያ በአንድ አዛዥ ስር ሆነዋል፤ ግን እያንዳንዱ የሚያስበው ለራሱ ደጅ ነው። አንዱ ሌላው ይልካል ብሎ ይተወዋል። እርዳታው ሲደርስ የሚረዳው ቦታ አልቆለታል። እኔ ስልኬን እየነካካሁ እህ እላለሁ፤ አንተ ደግሞ አውሮፕላኖቼን እንዳትበዪብኝ ብለህ ትስቃለህ።

ሕመምህ ቀላል መስሎን ነበር። ሐሙስ ንጋት ላይ አረፍክ። ጀናዛ አይቆይምና በዚያው ቀን ልትቀበር ሆነ። የመስጊዱ ሰዎች መጡ፣ የእድሩ መጡ፣ የወሎ ልጆች ማኅበርም መጣ። ሁሉም አይዞሽ፣ እኛ አለን አሉኝ። የታናሽ እህትህን የእትዬ ዘሀራን ነገር አነሳሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ደንዉዲ የሚባል ሰፈር፣ ሆቴል ውስጥ ሥራ ላይ ናት፤ መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ሄዶ ቁጭ አድርጎ ነው የሚያረዳት። ይነገራታል አሉኝ። ማን እንደሚሄድ ግን አልጠየቅኩም። እድሩ መስጊዱን ጠበቀ፣ መስጊዱ ማኅበሩን፣ ማኅበሩ ደግሞ የሥጋ ዘመድ አለ ብሎ እኔን። ሴቶቹ መሀል ሳጣት ጓዳ ገብታ ይሆናል አልኩ። አንተን ሸኝተንህ ተመለስን።

አመሻሹ ላይ መጣች፤ በፔርሙዝ አጥሚት ይዛ። አንተን ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ፓርክ አድርጋ ስትወርድ በረንዳው ላይ የተደረደረውን ወንበር አየችና ማን ሞቶ ነው ብላ ጠየቀች። እኔን። አባዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፔርሙዙን ከእጇ ተቀበልኳት፤ በዚያው ገባት።

ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠችም። ሦስቱም ወገኖች ሽማግሌ እንላክ አሉኝ። አሁንስ በቃኝ ብዬ ባለፈው እሁድ ብቻዬን ሄድኩ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሳይሞት ጠይቆኝ ነበር ወይ? ጠይቀህ ነበር። ረቡዕ ማታ ዘሀራን ጥሪልኝ ስትለኝ፣ ነገ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች ብዬ አስተኝቼሃለሁ። ልዋሻት አሰብኩ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ ሻሿን አስራ ተነሳችና ውሰጂኝ አለችኝ።

ቀብርህ ዘንድ ስንደርስ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ መጣሁ ወንድሜ አለችህ። ለምን እንደዘገየች አልነገረችህም። የኔን ስም አላነሳችም። ከኋላዋ ቆሜ የምገባበት ጠፋኝ።

ስለዚህ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው የጻፍኩልህ። ያዘገየኋት እኔ ነኝ። እስካለሁ ድረስ አንተን አልረሳም፤ የጠራሃትን እህትህን ሳላመጣልህ እንደቀበርኩህም አልረሳም።

ልጅህ ሰሚራ