ጥፍር የምታህል ቀለም

ለተከበሩ አቶ ፈንታው
የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በጣቢያዎ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ሁሉ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ቢያስፈልጋችሁም አላህ ሳይረፍድ የሚያደርስ መኪና ይስጣችሁ። እኔ የግራናው ኡበይደላ ይማም ነኝ። መርሳ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የመኪና ኤሌትሪክ ሠርቻለሁ፤ ከአባቴ የወረስኳትን አረንጓዴ ላንድሮቨርም እስከ ዛሬ እነዳለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ለዚህች አሮጌ መኪና የዋለላትን ውለታ በሆዴ ይዤ መቀመጥ ስላቃተኝ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ጻፍኩ።

አንደኛ፣ ባለሙያዎ ባለፈው ጥቅምት ኮፈኑን ከፍተው ስላሳዩት ንቃት አመሰግናለሁ። ከባትሪው ተነስቶ ሻንሲው ላይ የሚታሰር፣ እኛ በሙያው ማሳ የምንለው ወፍራም ገመድ አለ፤ ኤሌትሪኩ ዞሮ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በእሱ ነው፤ ቀለም ደግሞ መንገዱን ይዘጋበታል። ስለዚህ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን ፍቄ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ አጥብቄ አስሬው ነበር። ባለሙያዎ ግን ያቺን ጥፍር የምታህል ባዶ ብረት አይተው፣ ቀለም ያልተሟላለት አካል ብለው መኪናዋን ጣሏት። ገመዱ በቀለም ላይ ከታሰረ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጉልበት እንደሚያጣ ላስረዳ ስሞክር፣ ቅጹ ስለ ቀለም እንጂ ስለ ማሳ የሚጠይቅበት ቦታ እንደሌለው በትሕትና ነገሩኝ። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው እጁ ይባረክ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቦሎው አመሰግናለሁ። ብረቱን ቀብቼ፣ ገመዱን በቀለሙ ላይ መልሼ አስሬ በሳምንቱ ስመጣ ሞተሪኖው ሦስት ጊዜ አቃስቶ ነበር ያስነሳው፤ ባለሙያዎ ግን የቀለሙን ማማር አድንቀው ቦሎውን በገዛ እጃቸው መስታወቱ ላይ ለጠፉልኝ። ቤቴ ስገባ ቀለሙን መልሼ መፋቅ ነበረብኝ። አልፋቅኩትም። ድንገተኛ ቁጥጥር አለ ሲባል ሰምቼ ፈራሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ለሌላው ሰው ስመክር የኖርኩትን ለራሴ መኪና ነፈግኳት። ይህን በእርስዎ ላይ አላላክክም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ።

ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠዋት የወንድሜ ልጅ ናጅዋ ምጥ ላይ ሳለች ደም ፈሰሳት። መርሳ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ቶሎ ወልድያ ሆስፒታል አድርሷት ተባልን። ካጠፋሁት እንደማይነሳ ስለጠረጠርኩ መርሳ ላይ እንኳ ሞተሩን አላጠፋሁትም። ወልድያ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን፣ ዳገቱ ላይ የጣቢያዎ ቁጥጥር አስቆመን። ሰነድ ሲታይ ሞተር ይጠፋል የሚለው መመሪያችሁ ለደኅንነት የወጣ መሆኑን ያው ባለሙያዎ አስረዱኝ። ከኋላ የተኛችውን አሳየኋቸው፤ ቶሎ እንደሚጨርሱ ነግረውኝ እንዳጠፋ አዘዙ። አጠፋሁ። ቦሎዬም መንጃ ፈቃዴም ትክክል ሆነው ተገኙ። ሞተሪኖው ግን ጠቅ ብሎ ዝም አለ።

ዳገት ስለነበር ብንገፋትም እምቢ አለች። ከኋላችን የቆመውን ሚኒባስ ብለምን፣ ባለሙያዎ ትርፍ ሰው መጫን እንደሚያስቀጣ ለሾፌሩ አስታወሱት። ሁለት ሴቶች ቦታቸውን ሊለቁላት ሲነሱ ደግሞ ከመናኸሪያ ውጭ ተሳፋሪ ማውረድም ክልክል መሆኑ ተነገራቸው። ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም።

ኮፈኑን ከፍቼ የማሳውን ብሎን መፍታት ያዝኩ። ቀለሙ ደርቆበት ስለነበር መፍቻው እየተንሸራተተ እጄን ላጠው። ናጅዋ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህች መኪና መቀለድ ትወድ ነበርና፣ ከኋላ ሆና አሮጊቷ ዛሬም አኮረፈች ወይ አጎቴ ስትል ጠየቀችኝ። አሁን ትነሳለች አልኳት። ቀለሙን በቢላዋ ፍቄ ገመዱን ከብረቱ ጋር ሳስረው ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ከቆምንበት እስከዚያ አርባ ደቂቃ ሆኗል። ናጅዋ ግን ከዚያ ወዲያ ለጠራኋት አልመለሰችልኝም። ወልድያ ላይ ልጇን አተረፉት። እሷን በዚያው ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ግራና ቀበርናት።

ክቡር ሆይ፣ መሥሪያ ቤትዎ ለቀለም ያለው ፍቅር ለሰውም እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ቦሎው እስከ መጪው ጥቅምት የጸናለት አገልጋይዎ
ኡበይደላ ይማም፣ ከግራና

ግልባጭ፦ ለናጅዋ ልጅ ለአሚር፣ ማንበብ ሲጀምር

ማሳሰቢያ፦ ከብሎኑ ሥር የፋቅኩትን ቀለም በወረቀት ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። መኪናዋ የጎደላት አካል አለ እንዳትባል ፋይሏ ውስጥ ያስቀምጡልኝ። ብረቱ አሁን ባዶውን ነው፤ ለሚቀጥለው ምርመራም እንዲሁ ይዣት እመጣለሁ። ሞተሩን ግን አላጠፋም።